የጦስኙ ሽታ እንዴት ነው?

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣ ለቁንጫዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንደምን ነው እያልኩ ካለሁበት ሆኜ ጉንጭሽን እስማለሁ። እንጀራሽን ፈጣሪ ይባርክልሽ፣ በወጣሽበት ክፉ አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር አምስት ሳምንት አልጋ ላይ ከርሜ ነው የተነሣሁት። ጉንፋን ነበር። ጉንፋን ስልሽ ያ አፍንጫ አስጠርጎ የሚሄደው እንዳይመስልሽ፤ አጥንቴን አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስረከበኝ ነው። አሁን ግን ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሰውም እቆጣለሁ፣ ስለዚህ አትስጊ።

ተኝቼ ሳለሁ አትክልቱን የያዘልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት መኮትኮቻ ይዞ ይመጣ ነበር። ያጠጣል፣ ያርማል፣ ከዚያ በመስኮት ብቅ ብሎ ሁሉም በቦታው ነው፣ አይዞዎት ይለኛል። ስነሣ ጦስኙ መደቡን ሞልቶ፣ ጫፉ እንደ ጥሩ ቀሚስ ተስተካክሎ አገኘሁት። አገኘሁት ስልሽ በጣቴ ዳስሼ ነው፤ ከዓይኔ ጋር ከተጣላን እንደቆየን ታውቂያለሽ። ይህንንም የምጽፍልሽ በትልቁ አጉሊ መነጽር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሪ ሆኜ የሰው ልጆችን ፊደል ሳቃና ኖሬ አሁን የራሴ መስመር ሽቅብ ይወጣል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሳሉ አልለቅ አለኝ ብለሽ ነበር። ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ያን ሁሉ አንሶላ በእንፋሎት ስትተኩሺ ውለሽ ወደ ብርዱ መውጣት ምን ሊያመጣ ኖሯል? በዚህ ወረቀት የጠቀለልኩት ጦስኝ ነው። ሳያብብ ቀንጥሼ፣ ፀሐይ ሳላሳየው ጥላ ላይ ያደረቅሁት ነው። ላስቲክ ውስጥ እንዳታደርጊው፣ ይሻግታል። ማታና ጠዋት አንድ ቁንጥር ጣል አድርገሽ የፈላ ውሃ ጨምሪበትና ክደኚው። ክደኚው ያልኩሽ በዋዛ አይደለም፣ መድኃኒቱ ያለው በሚተነው ላይ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ጥቅሉን ስትፈቺ ሌላ ነገር ሳትነኪ አሽትቺውና ሽታው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ሰፈሩ በሙሉ ከድሮው ይበልጣል ይለኛል። የሰፈር ሰው ግን ይሉኝታ ይዞታል። አንቺ ይሉኝታ አልፈጠረብሽም፤ በስድስት ዓመትሽ በሰው ፊት ቀሚስሽ መጋረጃ ይመስላል ብለሽኛል። ለዚህ ነው አንቺን የምጠይቅሽ።

የማትረሳሽ አክስትሽ


ጥቅምት 29 ቀን

እንደ እናት ላሳደጉኝ ለአክስቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ናፍቆቴ ልክ የለውም። አምስት ሳምንት ተኝተው አንድ ሰው እንኳ አለመጻፉ አንገብግቦኛል። እንኳን ፈጣሪ አተረፈልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጥቅሉ ደርሶኛል። እንዳዘዙኝ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የፈታሁት። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከአልጋዋ ቀና ብላ ምን ፈሰሰ አለችኝ። ሰፈሩ አልዋሸም አክስቴ፣ ከድሮውም ይበልጣል። ሳሌም በአራተኛው ቀን ተወኝ። እንኳን ተወኝ፤ ኃላፊያችን የሚያስል ሰው እንግዳ የሚተኛበት አንሶላ አጠገብ ማየት አትወድም። አንዷን ባለፈው ወር አሰናብታታለች።

አሁን ይህን የምጽፈው መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው። ከቀጣዩ የአንሶላ ጋሪ በፊት አሥር ደቂቃ አለኝ። ሰሞኑን ቁጭ ማለት አቅቶኛል፤ ቁጭ ስል ብድግ በይ ይለኛል፣ ብድግ ስል ደግሞ የምሄድበት የለም። ቁንጫ ያሉኝ ወደው አይደለም።

ራስዎን ይጠብቁ። ልብስ ሰፊውን ያመስግኑልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 17 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናና ሰላም ካንቺ አይራቅ። ሳሉ ስለተወሽ ደስ ብሎኛል። ደብዳቤሽን በር ላይ ቆሜ ጀመርኩት፣ የጨረስኩት ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ። ከታመምኩ ወዲህ ያ ጦስኝ አይሸተኝም። በጣቴ አሸዋለሁ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ልከተው ይዳዳኛል፣ የለም። አፍልቼ እጠጣለሁ፣ ትኩስ ውሃ ነው። ጎረቤቱን አንድ በአንድ ጠየቅኩ፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ «እሰይ፣ እንዴት ያለ ሽታ ነው» አለኝ። አላመንኳቸውም። ወይ ጦስኙ ሞቷል ወይ አፍንጫዬ ሞቷል አልኩና ዳኛ ፈለግሁ። ዳኛዬ አንቺ ነበርሽ። ይሸታል ስትዪኝ ነገሩ አለቀ።

ከሌላው ሽታ እንዴት ነሽ ትዪኝ ይሆናል። ሳሙና ይሸተኛል፣ ሽንኩርትም ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ይመጣልኛል። ጤና ጣቢያ ያለው ልጅ እግር ሐኪም ከእንዲህ ያለ ጉንፋን በኋላ አንዱ ሽታ ተመልሶ ሌላው ሊቀር ይችላል አለኝ፤ ዕድሜዎም አለ ብሎ ጨመረልኝ፣ ሳልጠይቀው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ድስት ጥጄ ጓሮ ወጣሁና ስመለስ ቤቱ ጭስ ብቻ ነበር። ጓሮ ሆኜ ሊሸተኝ አይገባም ነበር? ነፋሱ በየት በኩል እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

አጎትሽ ይህን ሰምቶ መጣ። አፍንጫ የሌላት ሴት በጋዝ ምድጃ ብቻዋን አትኖርም፣ እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ አለ። አራተኛ ፎቅ ነው ያለው። ተከራክሬው ነበር፣ ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን ክርክሬን ጨረስኩ። ቤቱን ለሁለት ዓመት የሚከራይ ቤተሰብ አግኝቷል። ታኅሣሥ 28 ቁልፍ አስረክባለሁ። ለጎረቤት ቅጠል መስጠትም አቁሜያለሁ። የማላሸተውን ነገር ለሰው ልጅ ጠጣ ብዬ አልሰጥም።

አፍንጫን ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይባላል። እውነት ነው፣ ሰሞኑን አለቅሳለሁ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አራት ቀኑ ነው። አራት ጊዜ መልስ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ።

እባክዎ አይቸኩሉ። ሌላ ሐኪም ቢያዩስ? አጎቴንም ቁልፉን ለአንድ ወር ያቆይልኝ ይበሉት፣ አንድ ወር ምንም አይደለም። አፍንጫ እንደዚህ ቶሎ የሚፈረድበት ነገር አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ለምን ጠየቅሽ አይበሉኝ። ተኝተው ሳሉ የጦስኙን መደብ ያረመው ልብስ ሰፊው ብቻውን ነው? ጦስኙን ሌላ ሰው ነክቶት ነበር? ቅጠሉ በጣትዎ ሲዳሰስ እንደ ድሮው ነው? ጀርባው ላይ ያ ሻካራው ነገር አለ?

ስለ ራሴ የምጽፈው የለኝም። ከመተኮሻው ወደ ማጠፊያው ክፍል አዛውረውኛል፣ እንፋሎት የለውም፣ ይሻላል። ሦስት ቀን ያህል ቤት አርፌ ነበር፣ ድካም ነው።

በቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 16 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽ ግራ አጋባኝ። ቅጠል በጣት ስለመዳሰስ እኔን ታስተምሪኛለሽ? ለስለስ ብሏል፣ አዎ። በደንብ ስለተንከባከብከው ነው ብዬ ለልብስ ሰፊው ነግሬዋለሁ፣ ፊቱን አዞረ። ሰውየው ምን እንደነካው አላውቅም። ዕቃ ሳስር ይመጣል፣ ሳጥን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሣል። የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ይከፍትና ገመድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ሦስት ጥቅል ገመድ ሰጥቼዋለሁ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ድምፄ ይመለስብኛል። ጠዋት ተነሥቼ ከበር እስከ ጓሮ እመላለሳለሁ፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ። አምና በዚህ ሰዓት ደጄ ላይ አምስት ስድስት ሰው ይቆም ነበር፤ አንዷ ልጇ ሆዱን ቆርጦት፣ አንዱ ጉሮሮው አብጦ። መድኃኒት ነው ብዬ አልመጻደቅም፣ ሞቅ ያለ ነገርና የሚያዳምጥ ሰው ነበር የምሰጣቸው። አሁን ማንም አይመጣም። እኔ ነኝ አትምጡ ያልኳቸው፣ ግን እሺ ብለው ቀሩ። ትንሽ እንኳ አልተከራከሩኝም። የከፋኝ እሱ ነው።

ቁልፉን አላቆይም። ከአሁን በኋላ ስለ ጦስኝ አትጻፊልኝ፣ የሞተ ሰው ስም በጠሩ ቁጥር አይነሣም። አዲሱን አድራሻዬን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌያለሁ። አጎትሽ መኪና ያገኘሁት ቀደም ላለ ቀን ነው ስላለ 25 ላይ ልንወጣ እንችላለን።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 24 ቀን፣ በአስቸኳይ

አክስቴ፣

ሰላምታዬን ይቀበሉኝና ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

ዋሽቻለሁ። ጥቅሉን ስፈታ ምንም አልሸተተኝም። ወረቀት ነበር የሸተተኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅም አልተነሣችም፣ ተኝታ ነበር። ቅጠሉን ሳየውም ጦስኝ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ እኛ ሆቴል በር ላይ፣ በድንጋዩ ዙሪያ ለጌጥ የተተከለው ትንሽ ቅጠል ነው። በየቀኑ ረግጬው እገባለሁ። ከጦስኝ ጋር መንታ ነው፣ ሽታና ያ የጀርባው ሻካራ ብቻ የለውም። አፍንጫዎ ምንም አልሆነም። የሌለ ነገር እንዴት ይሸታል?

ለምን እንደዋሸሁ ልንገርዎ። አምስት ሳምንት ተኝቼ የሚለውን አነበብኩና አጠገብዎ አለመሆኔ ቆረጠኝ። በቃ፣ ደስ ይበላቸው አልኩ። ለእኔ ትንሽ ነገር ነበረች። የሚጠብቁት ፍርድ መሆኑን ባውቅ ምላሴን እቆርጥ ነበር። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ፈራሁ፤ ለዚህ ነው ባለፈው ስለ ቅጠሉ ጀርባ ዙሪያ ጥምጥም የጠየቅሁዎት። ይሉኝታ የለሽም ያሉኝን ሳነብ እፍረቴ በዛ።

እርስዎ ስልክ ስለማይወዱና ቤትዎም ስለሌለ ትናንት ልብስ ሰፊው ሱቅ ደወልኩ። ጦስኙ የት ደረሰ አልኩት። የስፌት መኪናው ሲሰፋ ይሰማኛል፣ ከዚያ መስፋቱን አቆመ። «አረም መስሎኝ ነቀልኩት» አለኝ። «ከነሥሩ። በማግስቱ ተመሳሳዩን ከችግኝ ሻጭ ገዝቼ ተከልኩ። ሰፈሩን እግሩ ላይ ወድቄ የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ለእትዬ እንዳትነግሩ ብዬ።» በሚመጣው ክረምት እውነተኛውን አግኝቶ ቀስ ብሎ ሊተካው አስቦ ነበር። ዛሬውኑ ንገራቸው አልኩት፣ እሺ አለ። ዛሬ ስደውል አያነሣም። አጎቴ ጋም ደወልኩ፣ ቁጥሩ አይሠራም ይለኛል።

አይሂዱ አክስቴ። ቁልፉን እንዳይሰጡ። ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ወደ ቤትዎ ነው የሚሄደው፣ በሦስት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። 25 የምትለዋን ቀን እያየሁ ልቤ ተንጠልጥሏል። አጎቴ መኪናው ይበላሽበት ብዬ ጸልያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ልጅዎ


ጥር 14 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለቁንጫ፣

ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዛሬ እንደ ወጉ አይደለም የምጠይቀው፣ ወደ መጨረሻው ትደርሺበታለሽ።

መኪናው አልተበላሸም። 25 ጠዋት ወጣን። ልብስ ሰፊው መኪናው ጎን ቆሞ ሦስት ጊዜ እትዬ አለኝ፣ ሦስት ጊዜ አቤት አልኩት፣ ከዚያ ሳጥኑን በደንብ ታስሯል አለኝ። ደብዳቤሽ ባዶ ቤት ደርሶ ተከራዮቹ እጅ ቆየ። እኔ ጋ የመጣው ጥር 7 ነው።

ከጥር 7 በፊት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። አጎትሽ ቤት ከማቀዝቀዣው ጀርባ አንድ ሶኬት አለ። ጥር 3 ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቆምኩ። አሸተትኩ። ከዚያ አንቺ ሴትዮ፣ አፍንጫ የለሽም አልኩና ወጣሁ። ራሴን ነው እንዲህ ያልኩት፣ ማንም አላለኝም። በማግስቱ ብሶ መጣ። ለአጎትሽ ነገርኩት። «እትዬ፣ አንቺ እኮ አይሸትሽም» አለኝ፣ በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው፣ ትከሻዬን አቅፎ። እኔም አመንኩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ለልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ተያያዘ። የአጎትሽ ሚስት በእጇ ልታወርደው ስትል እስከ አንጓዋ ድረስ ተቃጠለች። አሁን ደህና ናት፣ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ እኔ ነኝ የማጎርሳት። ስታየኝ ትስቃለች፣ እኔ ግን ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ሁለት ቀን ሙሉ የማውቀውን ነገር አፍኜ ይዤ ኖርኩ።

ልብስ ሰፊው ባለፈው እሑድ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ መጣ፣ ኮፍያውን እየጠመዘዘ። ሁሉንም ነገረኝ። አውቄዋለሁ አልኩት። ለአንድ መደብ ጦስኝ ብለህ ቤቴን አሳጣኸኝ አልኩት። አለቀሰ። አላባበልኩትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እናንተን ነው፣ እሱንም አንቺንም። ላለማስከፋት ብላችሁ ከቤቴ አስወጣችሁኝ። ቢከፋኝ ምን ነበረበት? ጦስኝ ነው፣ ይተከላል። አንድ ቀን ተቆጥቼ፣ በሁለተኛው ቀን ዘር ፍለጋ እወጣ ነበር።

አፍንጫዬ ደህና ነው። ያጣሁት የምጠይቀውን ሰው ነው። ለሁለት ዓመት የተፈረመ ቤት አይመለስም። አንድ ቀን ይቅር እላችኋለሁ፣ ሁልጊዜም ይቅር ያልኩ ሰው ነኝ፣ ግን ዛሬ አይደለም።

አሁን ይህን ሁሉ ትቼ እንቅልፍ ወደነሣኝ ነገር ልምጣ። ያ ቅጠል ጌጥ ከሆነ፣ ሳልሽን በአራተኛው ቀን ያስተወው ምንድን ነው? ደብዳቤዎችሽን ደርድሬ አነበብኳቸው። በጥቅምት ተወኝ አልሽ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው ባልሽበት ገጽ ላይ። በታኅሣሥ ክፍል አዛወሩኝ፣ ሦስት ቀን አረፍኩ፣ ድካም ነው አልሽ። በተናዘዝሽበት ደብዳቤ ደግሞ ሁሉን ተናዝዘሽ ስለ ሳልሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ኃላፊሽ የሚያስል ሰው እንደምታሰናብት ግን አልረሳሁም።

ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ቅጠል አልልክልሽም። አራት ወር የቆየ ሳል የቅጠል ጉዳይ አይደለም። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን፣ ጋሪው ይቁም፣ አንሶላው ይቆለል፣ ሥራውም ከፈለገ ይቅር፣ ሐኪም ቤት ሂጂ። ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፣ አላምንሽም። ሐኪሙ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ላኪልኝ፣ እሱን አነበዋለሁ።

እየጠበቅሁ ነው።

አክስትሽ